ናሙና ጓሮ

ትርፊት እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አሰረች፣ የማታውን ፍም ከአመድ ውስጥ ፈልጋ ምድጃውን አያያዘች። የተቆራረሰ ቆጮና የተከተፈ ጎመን በሰሃን አድርጋ አሮጌ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠች፤ በላዩ የእንሰት ቅጠል ደፋችበት፤ በቅጠሉ ላይ ደግሞ ለበጎች የሚሆን የድንች ልጣጭ ጨመረች። በጓሮ በር ወጥታ ጤዛ ባዘሉት እንሰቶች መካከል አለፈችና አጥሩ ጥግ ወዳለው የበግ ጋጣ ገባች። ሁለቱን በጎች በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ጭዱን በእግሯ ጠረገች። ከጭዱ ሥር ያለውን ሳንቃ አንድ ስንዝር ከፍ ስታደርገው ከታች እጅ ወጥቶ ሰሃኑን ተቀበለ። ቀጥሎ ሌላ ባልዲ ወጣ። እሱን በበጎቹ በጠጥ ሸፍና ይዛ ተመለሰች። አርባ ሦስት ቀን እንዲህ አድርጋለች። ከታች ያለው ልጇ ዳኘ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል።

ጉድጓዱን የቆፈረው ማቴዎስ ነበር። ማቴዎስ የሆሳዕናን ግማሽ ጓሮ ከባለቤቶቹ ይልቅ የሚያውቅ፣ ለአንድ የእንሰት ጉድጓድ ስሙኒ የሚቀበል፣ መቆፈሪያውን እንደ ሕፃን ልጅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚዞር የሀዲያ ሰው ነው። ትርፊት «ቆጮ የምቀብርበት ጉድጓድ» ብላ አስመጣችው፤ ግን ከጋጣው ሥር ጀምሮ ወደ ጓሮው መሐል ሁለት ሜትር ተኩል እንዲዘልቅ ነገረችው። የቆጮ ጉድጓድ ወደ ጎን እንደማይሄድ ከእሷ የበለጠ ያውቃል። ምንም አልጠየቃትም። ጣራውን በባሕር ዛፍ አጠና ረበረበ፤ የእንሰት ቅጠል ሦስት ድርብ አነጠፈ፤ ከላዩ አንድ ክንድ የሚያህል አፈር መለሰ። ድንጋይ ግን አልጫነበትም። የቆጮ ጉድጓድ ድንጋይ እንደሚጫንበት አብዮት ጠባቂዎችም ያውቃሉ፤ ጃጁራ በሚባለው መንደር የተደበቀ ልጅ ያወጡት ድንጋዩን አንስተው ነው። ትርፊት በድንጋዩ ፈንታ ጎመን ተከለችበት። ጎመኑም አፈሩ ለስልሶለት ከሌላው መደብ ቀድሞ አደገ።

ባልዲውን አለቅልቃ ስትደፋ ጎረቤቷ እልፍነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራቻት።

«ሰማሽልኝ? የከበቡሽን ልጅ ከጎተራ ውስጥ አወጡት አሉ።»

«እናቱስ?»

«እግራቸው ላይ ብትወድቅ በሰደፍ አፏን አሏት። ሦስት ጥርስ። ጥርሶቿን በመሐረብ ቋጥራ ቀበሌ ደጃፍ ተቀምጣለች፤ ለማን ልታሳይ እንደሆነ እንጃላት።» እልፍነሽ ቀጠለችና «ያንቺ እንኳ ሙዱላ ሄዶ ተገላገልሽ» አለቻት።

«ተገላገልኩ» አለች ትርፊት።

ወልደሰንበት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተረኛ፣ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ወልደሰንበት በየእሑዱ ስኳርና ሻይ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል። የአቡጀዲ ሱቅ አለው። ሱቁን እንዳይወስዱበት ብሎ የቀበሌው ልማት ኮሚቴ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ዕለቱ ግን እሑድ አልነበረም። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ከሁለቱ ወንበሮች በአንደኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጠው፣ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው። ግድግዳው ላይ የወንድሙ ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩ ባትሪ ድንጋይ ከተወደደ ጀምሮ የማይናገር ሬዲዮ። ሻይ ቀዳችለት። ስኳሩን ለረጅም ጊዜ አማሰለ።

«ዛሬ በሦስት ሰዓት እንግዳ አለብሽ» አለ። «እርሻ ቢሮ ጉድጓድ የሚቆፍር ሞተር መጥቶለታል። በየግቢው ሃያ ሃያ ችግኝ ይተከል ተብሏል፤ ቡናም ዘይቱንም። ለሕዝቡ የሚያሳዩበት ጓሮ ሲፈልጉ ያንቺን አልኳቸው።»

«የእኔን?» ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ የእኔ ጓሮ እንኳን ሞተር ሰው በወጉ አያሳልፍም። ዙሪያውን እንሰት ነው።»

«በሩ ላይ ‹ናሙና ጓሮ› ተብሎ ይጻፋል።» ወደ ሬዲዮው እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ናሙና የተባለ ግቢ ለፍተሻ አይገባበትም። እንደዚያ ነው አሠራሩ።»

ትርፊት ሻይ ጨመረችለት። ዳኘ ሙዱላ ለንግድ ሄደ ስትለው «ደግ አደረገ» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በስድስት እሑድ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ ጻፈ ወይ፣ ጤናው እንዴት ነው ብሎ አልጠየቃትም። የወንድሙን ልጅ የሚወድ ሰው እንዲህ አይረሳም። አውቆ ነው? አውቆስ ከሆነ የሚያውቀው እንደ አጎት ነው ወይስ እንደ ኮሚቴ? ብትነግረውና ከዚያ በፊት የማያውቅ ሆኖ ቢገኝስ? ሁለቱም የሻዩን እንፋሎት ያያሉ። አንዳቸው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ሞተሩ ወደ ሌላ ግቢ በሄደ ነበር። ወልደሰንበት ሻዩን ጨርሶ ባርኔጣውን አነሣና «እንግዲህ በሩን ክፈቺላቸው» ብሎ ወጣ።

ትርፊት አንድ እቅፍ ሣር ይዛ ወደ ጋጣው ተመለሰች። ሳንቃውን ከፍ ሳታደርግ ጎንበስ አለች።

«ዳኘ። ዛሬ ምንም ብትሰማ እንዳትወጣ።»

«ምን ልሰማ ነው?»

«ሞተር። ጓሮውን ሊቆፍሩ ነው።»

ከታች «ይኼን ጣራ ማቴዎስ ነው የሠራው፤ ቀበሌ አልሠራው፤ አይደረመስም» አለ፤ እንደ አባቱ በጭንቅ ጊዜ ነው ቀልድ የሚመጣለት።

«አትቀልድብኝ። ማልልኝ።»

«በአባቴ ሞት። አልወጣም።»

በሦስት ሰዓት ግቢው ሞላ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቸኮል ከፊት፣ ጠመንጃ የያዙ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ከኋላ፣ ቀርታችሁ ብትገኙ ስኳር የለም የተባሉ ጎረቤቶች ደግሞ ከአጥሩ ሥር ተደርድረው። ሞተሩን በጋሪ አመጡት። ቀይ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው የሚይዘው እጀታ አለው፤ ከሥሩ አንድ ሜትር የሚሆን እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ብረት ተሰክቶበታል። የእርሻ ባለሙያው ኃይሉ ኮሌጅ ከጨረሰ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ሞተሩን ሰው ሲጠጋው በእጁ ይመልሳል፣ በመሐረቡ ይጠርገዋል።

«ይህ መሰርሰሪያ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በአንድ ሰዓት ስልሳ ጉድጓድ ያወጣል። አንድ ጎበዝ ቆፋሪ በቀን ስንት ያወጣል? ማነው ቆፋሪያችሁ?»

ሁሉም ወደ ማቴዎስ ዞረ። እሱ ከአጥሩ ሥር መቆፈሪያውን ተደግፎ ቆሟል።

«እንደ ሆዴ ነው ጌታዬ» አለ ማቴዎስ። «ቁርስ ከበላሁ ሃያ፣ ካልበላሁ ሃያ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ቸኮል አልሳቀም። «ጥሩ፤ አንተ በዚያ፣ ሞተሩ በዚህ። ሕዝቡ በዓይኑ ይፍረድ» አለ።

ኃይሉ ከአንዱ አብዮት ጠባቂ ጋር እጀታውን ያዘና ገመዱን ሳበው። በሦስተኛው ሳብታ ሞተሩ ጮኸ፤ የበጎቹ ጩኸት ተዋጠ፤ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ብረቱን ከደጃፉ ፊት ለፊት፣ አምስት ዓመት ከሞላው እንሰት አጠገብ ተከሉት። አፈሩ ተረጨ፤ ቀጥሎ ነጭ ሥር ተበጣጥሶ እየተወነጨፈ የሰዉን ልብስ ቀባ፤ እንሰቱ ከግርጌው ሲገመስ ውኃው ፈሰሰ፤ ቀስ ብሎ ዘመም አለና በእልፍነሽ አጥር ላይ ተገነደሰ። ለዚህ ቤት የሁለት ወር ቀለብ ነበር። ሰው አፉን ያዘ። ኃይሉ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ጉድጓዱ ተመለከተና «ጥልቀቱን እዩልኝ» አለ።

ማቴዎስ የራሱን ጉድጓድ ትቶ መጣ። እጁን እስከ ትከሻው ሰደደና የጉድጓዱን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰ። «ጌታዬ፣ ይሄ እንደ ሸክላ ተለስኗል። ሥሩ ከየት ይግባ? እንሰት እንደ እንግዳ ነው፣ እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ ይወዳል። እናንተ ጠርሙስ ውስጥ እንድናስቀምጠው ነው የምትፈልጉት።»

«ችግኙ ቡና ነው» አለ ኃይሉ፤ ፊቱ ቀላ።

«ቡናም ቢሆን ሰፈሩ የተያዘ ነው። እዚህ ጓሮ ማንን ገፍቶ ይገባል? ሜዳ ቢሆን እሺ። ሜዳ ላይ እኔም እሸነፋለሁ።»

ሰውየው ልክ ነበር፤ ኃይሉም ልክ መሆኑን ሳያውቀው አልቀረም፤ ሞተሩን ለማንሳት ቸኮለ። ሁለተኛውን ጉድጓድ በሰሜኑ በኩል ጀመሩ። ክንድ እንኳ ሳይገባ ብረቱ ከድንጋይ ጋር ተገናኘ። ብረቱ ሲቆም ሞተሩ በራሱ ዞረ፤ እጀታው ከአብዮት ጠባቂው እጅ አፈትልኮ አገጩን መታው። ልጁ በጀርባው ወደቀ፤ አፉን ሲከፍት ደም በአንገቱ ወረደ። ከአጥሩ ሥር አንዱ «የከበቡሽ ጥርስ!» አለ። ማን እንዳለው አልታወቀም። ሳቅ ግን ተከትሎ ወጣ፤ መራራ፣ በአፍንጫ የታፈነ ሳቅ። ቸኮል በሳቁ መካከል ሄዶ ለሁሉም የሚበቃ ጥፊ ማቴዎስን መታው። ማቴዎስ ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለ።

«ለስላሳ መሬት የለም እዚህ ግቢ?» አለ ቸኮል ወደ ትርፊት ዞሮ። «ጓዲት ትርፊት፣ ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የምትኖሪው?»

«ድንጋያማ ነው» አለች። «ለሞተር አይሆንም። ሥር ነው፣ ድንጋይ ነው። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ብትሞክሩት...»

ኃይሉ እየተዘዋወረ መሬቱን በጫማው ይረግጥ ጀመር። ሰው ሁሉ እግሩን ይከተላል። በእንሰቶቹ መካከል አለፈ፤ ጎመኑ መደብ ላይ ደረሰ፤ ረገጠው። እንደገና ረገጠው። መሬቱ ከጫማው ሥር ገባ አለለት። «እዚህ» አለ፣ ፊቱ ሁሉ በራ። «ተመልከቱ ጎመኑን! አፈር ማለት ይህ ነው።»

ትርፊት ሄዳ ፊቱ ቆመች። «ወንድሜ፣ ይህ ወጤ ነው። ሌላ ጎመን የለኝም።»

«ሁለት ጉድጓድ ብቻ እናቴ። ዳር ዳሩን።»

ማቴዎስ በዚህ ጊዜ ተነሣ። መቆፈሪያውን ይዞ መጣና የጎመኑ መደብ መሐል ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። ዓይኑ ከትርፊት ዓይን ጋር አልተገናኘም። «ይህንን እኔ ነኝ የምቆፍረው» አለ። «ውድድር አይደል? የኔ ተራ ነው። ስሙኒም አልፈልግ፣ በነጻ።» መቆፈሪያውን ከፍ አድርጎ መሬቱን ቧጠጥ፣ ቧጠጥ አደረገ፤ ለዓመታት ሲቆፍር የኖረ ሰው ዛሬ መሬቱን የሚፈራ ይመስላል። ቸኮል በአገጩ ጠቆመ። አንደኛው አብዮት ጠባቂ በሰደፍ ጎኑን መታው፤ ሲጎብጥ ጀርባውን፤ ሲወድቅ እጁን። እየጎተቱ ከመደቡ ሲያወጡት ጎመኑን በሁለት እጁ ጨብጦ ከነሥሩ ነቀለው።

ያን ጊዜ ከቸኮል አጠገብ የቆመው ወልደሰንበት የትርፊትን ፊት አየ። ከዚያ መደቡን አየ፤ ከዚያ ጋጣውን። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ «ወደ እኔ ግቢ እንሂድ። የእኔ ሰፊ ነው። ምሳም አዘጋጃለሁ፣ በግ አርዳለሁ...»

«ይህን ግቢ የመረጥከው አንተ አይደለህ?» አለ ቸኮል። «ቆፍሩ!»

ሞተሩ ጮኸ። ድንጋይም ሥርም አልነበረም፤ ብረቱ እንደ ቢላዋ በቅቤ ገባ። ጥቁር አፈር እየተገለበጠ ወጣ፤ ሕዝቡም ሳያስበው «ዋ!» አለ። ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። ትርፊት ቆጠረች። ከጣራው በላይ ያለው አፈር አንድ ክንድ ነው፤ ብረቱ አንድ ሜትር። ከአፈሩ ጋር ቡናማ የተቦጫጨቀ ቅጠል መውጣት ጀመረ። ኃይሉ «ብስባሽ! እዩ የተፈጥሮ ማዳበሪያ!» ብሎ በደስታ ጮኸ። ቅጠሉ ሦስት ድርብ ነው። ከእሱ በታች አጠና፣ ከአጠናው በታች ልጇ። ጣራው ከተከፈተ ወይ ብረቱ ያገኘዋል፣ ወይ ጠመንጃው።

ባሏ በነበረበት ጊዜ ወፍጮ ቤት ምሳ ስታደርስ አንድ ቀን ጆንያ በቀበቶው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሲያንቀው አይታ ነበር። ሞተሩ አቃሰተ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ትርፊት ያንን አስታወሰች። ነጠላዋን አወለቀች፣ አንዱን ጫፍ እንዳያመልጣት በቀኝ እጇ ሁለት ጊዜ ጠመጠመች፣ ሌላውን ጫፍ በሚዞረው ብረት ላይ ወረወረች።

ወፍጮ ቤት ግን ጆንያውን የያዘ ሰው አልነበረም። ነጠላው በአንድ ጊዜ ተጠቀለለ። እጇ ተከተለ። ትርፊት በግንባሯ ተደፋች፤ ከዚያ ከሞተሩ በላይ የተሰማ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ፤ እሷ አልጮኸችውም፤ ራሱ ነው የወጣው። ኃይሉ እጀታውን ለቀቀ። ሞተሩ በጨርቅና በሥጋ ታንቆ፣ እንደ ወፍጮው አቃስቶ፣ ቆመ። አጠናው አልተሰበረም። ጣራው ደህና ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ትርፊት ማሰብ ችላለች። አፏን በአፈሩ ላይ ደፍናው ነበር፤ ሁለተኛ እንዳትጮህ። አሁን ሞተሩን ይዘው ይሄዳሉ ብላለች። አሁን ያበቃል። አትውጣ ብላለች፣ በአፈሩ ውስጥ፣ ለአፈሩ።

የጋጣው በር ተበረገደ። በመጀመሪያ በጎቹ ወጡ። ከዚያ ዳኘ ወጣ፤ ጢሙ አድጎ፣ ፊቱ እንደ ጎመን ግንድ ነጥቶ፣ ዓይኑን ከብርሃን በክንዱ እየከለለ። ማንንም አላየም። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። እናቱ አጠገብ ተንበረከከ፣ ነጠላውን ከብረቱ በጥርሱ ቀደደ፣ ሸሚዙን አውልቆ እጇን ከአንጓው በላይ አጥብቆ አሰረና በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ማልክልኝ» አለችው።

«ጮኽሽ» አላት።

ቸኮል ቀስ ብሎ ቀረበ። «ሙዱላ ለካ ቅርብ ነው» አለ።

«ጤና ጣቢያ ላድርሳት» አለ ዳኘ ቀና ሳይል። «ከዚያ እመጣለሁ። ደሙን ይዤዋለሁ። ብለቀው ይፈሳል።»

በሰደፍ ትከሻውን መቱት፤ አልለቀቀም። ጎኑን መቱት፤ አልለቀቀም። ወልደሰንበት ቸኮል እግር ላይ ወድቆ ስሙን ይጠራል፣ ሱቁን ይሰጠዋል፣ የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ያሳየዋል። ኃይሉ ጀርባውን አዙሮ ያስመልሳል። ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ለሦስተኛው ሰጥተው የዳኘን ጣቶች ከእናቱ ክንድ ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ። አንደኛው ጣት ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ዳኘ «አጎቴ፣ አንተ ያዘው! አጥብቀህ ያዘው!» እያለ በጀርባው እየተጎተተ ከበሩ ወጣ። ወልደሰንበት ቁልፉን ጥሎ ያዘው።

ጤና ጣቢያ ያደረሷት በዚያው በሞተሩ ጋሪ ነው። ማቴዎስ በደህና እጁ ጋሪውን ይጎትታል፣ ወልደሰንበት ጎን ለጎን እያጎነበሰ ክንዷን እንደጨበጠ ይሄዳል። ገበያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ወልደሰንበት ተናገረ።

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ እንዳይፈትሹሽ ብዬ...»

«ለምን አልጠየቁኝም?» አለች ትርፊት።



ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ሽማግሌ ሰው ነው። ሲያጥብ፣ ሲቆርጥ፣ ሲሰፋ አንድ ሰዓት ፈጀ። ማደንዘዣው ጥቂት ስለነበር ወልደሰንበት ትከሻዋን ሲይዝ፣ ማቴዎስ እግሯን ያዘ። አልጮኸችም። በዘጠኝ ሰዓት ላይ ለውትድርና በአፈሳ የተሰበሰቡትን ወጣቶች የጫኑ ሁለት መኪኖች በጤና ጣቢያው በር አልፈው በሾኔ መንገድ ወረዱ። ወልደሰንበት ሮጦ ወጥቶ አያቸው፤ ሸራቸው ታስሮ ስለነበር ውስጡን ማየት አልቻለም። ተመልሶ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ድሬሰሩ ካርዱን ሞልቶ አነበበላቸው።

የትርፊት ቀኝ እጅ አመልካች፣ መሐልና የቀለበት ጣት የለውም። ዳኘ የለም።